ነጋዴ ወይስ ምሁር? የቤንጃሚን ግራሃም የሕይወት ታሪክ



በዚህ እትም የምናቀርብላችሁ የአንድ አሜሪካዊ የገንዘብ ሊቅና መምህር የሕይወት ታሪክ ነው። ሰውየው ቤንጃሚን ግራሃም ይባላል። የመረጥነውም ያለ ምክንያት አይደለም። የንግድና የሒሳብ አያያዝ ትምህርት ለማስተማር በምንዘጋጀው መካከል አንድ ክርክር ከተነሣ ሰነባብቷል። ይኸውም ሰው የመጀመሪያ ዲግሪውን ከያዘ በኋላ በንግድ ሥራ አስተዳደር ማስተርስ ቢማር ይሻለዋል ወይስ በፋይናንስ እስከ ዶክትሬት ቢዘልቅ የሚል ነው። አንዱ ወገን ዶክትሬት የትምህርት ጣሪያ ስለሆነ ከእሱ በታች መቆም መንገድ ላይ መቅረት ነው ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ዕድሜን በወረቀት ላይ ከመፍጀት ቶሎ ተምሮ ቶሎ ሥራ መያዝ ነው ቁም ነገሩ ይላል። እስካሁን ሁለቱም ወገን ድምፁን ከፍ ሲያደርግ እንጂ ማስረጃ ሲያቀርብ አልሰማንም።

ታዲያ ከመከራከር የአንድን ሰው ኑሮ መመርመር ይሻላል ብለን ግራሃምን አነሣን። እሱ በ20 ዓመቱ፣ ማለትም በእኛ ዕድሜ፣ ከዚህ ጋር በጣም የሚቀራረብ ምርጫ ገጥሞታል። አንዱን መረጠ፤ ሌላው ግን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልተለየውም። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

የድሃ አደግ ልጅነት

ግራሃም የተወለደው ሜይ 9 ቀን 1894 በለንደን ከተማ ሲሆን በመጀመሪያ የቤተሰቡ ስም ግሮስባውም ነበር። ግራሃም የሚለው ስም የመጣው ኋላ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። ልጁ አንድ ዓመት ሲሆነው ቤተሰቡ ወደ ኒውዮርክ ተሻገረ። አባቱ የፖርስሊን ዕቃ ከውጭ እያስመጣ የሚሸጥ ነጋዴ ስለነበረ ኑሯቸው ደህና ነበር። ነገር ግን በ1903 አባቱ ሞተ። እናቱ ሦስት ወንዶች ልጆች ይዛ ቀረች፤ የሁሉም ታናሽ ቤንጃሚን ነበር።

እናቱ ቤቷን ለተከራዮች አልጋና ምግብ እያቀረበች ልትተዳደርበት ሞከረች፤ አልሆነላትም። ቀጥላም በብድር አክሲዮን ገዛች። አክሲዮን ማለት እንደምናውቀው የአንድ ኩባንያ ባለቤትነት ቁራሽ ነው። በ1907 በአሜሪካ የገንዘብ ሽብር ተነሥቶ ገበያው ሲወድቅ ያላት ሁሉ ተጠራርጎ ሄደ። በዚያን ጊዜ ትንሹ ቤንጃሚን የእናቱን ቼክ ሊመነዝር ባንክ ሲላክ፣ ገንዘብ ከፋዩ ለዚህች ሴት 5 ዶላር ማመን ይቻል እንደሆነ ባልደረባውን ሲጠይቅ ሰማ። ልጁ ይህን ነገር አልረሳም። ከዚያ ወዲያ ገንዘብ ለእሱ የጌጥ ጉዳይ ሳይሆን የክብር ጉዳይ ሆነ ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

በትምህርቱ ግን እጅግ ጎበዝ ነበር። ለኮሎምቢያ ዩኒቨርስቲ የነጻ ትምህርት ዕድል ፈተና ተቀመጠ፤ ሳይሰጠው ቀረ። እሱም አንድ ዓመት ያህል የስልክ ዕቃ በመገጣጠምና በመሳሰለው የጉልበት ሥራ ላይ ዋለ። በኋላ ነገሩ ሲጣራ ለካ ፈተናውን አልፎ ኖሯል! ያው የአባት ስም ካለው ዘመዱ መዝገብ ጋር ተምታቶበት ነው የቀረው። በመሆኑም በ1911 ኮሎምቢያ ገባ። ቀን እየተማረ፣ ሌሊት በአንድ የዕቃ ማመላለሻ ኩባንያ እየሠራ፣ በዚያ ላይ ልጆችን እያስጠና በ1914 ከክፍሉ ሁለተኛ ሆኖ ተመረቀ።

ሦስት በሮች በአንድ ጊዜ

እንግዲህ ምርጫው የመጣው እዚህ ላይ ነው። ሊመረቅ ሲቃረብ ሦስት የትምህርት ክፍሎች፣ ማለት የፍልስፍናው፣ የሒሳቡና የእንግሊዝኛው፣ በመምህርነት እንዲቀር ጠየቁት። አንድ የ20 ዓመት ልጅ ከሦስት የተለያዩ ክፍሎች ሲፈለግ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ለናንተ መንገር አያስፈልግም። ያ መንገድ ቀስ በቀስ ወደ ዶክትሬትና ወደ ፕሮፌሰርነት የሚወስድ ነበር። ልቡም ወደዚያው ያደላ ነበር፤ የጥንት ቋንቋዎችንና ሒሳብን እንደ ምግብ ይወዳቸዋልና።

ይሁን እንጂ የኮሌጁ ዲን ፍሬድሪክ ኬፕል ሌላ ምክር ሰጠው። ጎበዝ ተማሪዎች ወደ ንግዱ ዓለም ቢሄዱ ይጠቅማል የሚል እምነት ነበረው። በዚያው ሰሞን አንድ የዎል ስትሪት ደላላ ድርጅት ብርቱ ልጅ ይፈልግ ስለነበር ግራሃምን ጠቆመው። ዎል ስትሪት በኒውዮርክ አክሲዮንና ቦንድ የሚሸጥበትና የሚለወጥበት ሰፈር ነው። እናቱ ችግር ላይ ናት፤ የረዳት መምህር ደመወዝ ደግሞ ትንሽ ነው። ግራሃም በሳምንት 12 ዶላር ተቀጥሮ ወደ ገበያው ሄደ። መጀመሪያ የሰጡት ሥራም ወረቀት ከቢሮ ቢሮ ማመላለስ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ያን ጊዜ ዛሬ የምንከራከርበት ማስተርስ ገና ጨቅላ ነበር። ሃርቫርድ የንግድ ሥራ አስተዳደር ማስተርሱን የጀመረው በ1908 ሲሆን፣ ኮሎምቢያ ራሱ የንግድ ትምህርት ቤቱን የከፈተው ግራሃም ከወጣ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1916 ነው። ስለዚህ የግራሃም ማስተርስ ትምህርት ቤት ገበያው ራሱ ሆነ። ወረቀት ማመላለሱ፣ ዋጋ በሰሌዳ ላይ መጻፉ፣ የኩባንያ ሒሳብ ማንበቡ ሁሉ ትምህርቱ ነበር።

መምህርነቱ ግን ከውስጡ አልወጣም። ገበያ ላይ እየዋለ በ1917 ስለ ካልኩለስ አስተማሪነት አሳብ የሚያቀርብ ጽሑፍ በአንድ ታዋቂ የአሜሪካ የሒሳብ ወርኃዊ መጽሔት ላይ አወጣ። ቀን አክሲዮን የሚሸጥ፣ ማታ ካልኩለስ ለተማሪ እንዴት ይግባው ብሎ የሚጨነቅ ሰው አስቡ!

በገበያው መካከል

ግራሃም በገበያው ያየው ነገር አስገረመው። ሰዎች አክሲዮን የሚገዙት ወሬ ሰምተው፣ ጎረቤት አይተው፣ ዋጋው ትናንት ስለጨመረ ነገም ይጨምራል ብለው ነበር። የኩባንያውን የሒሳብ መዝገብ ገልጦ የሚያይ ጥቂት ነው። እሱ ግን የተማረውን ሒሳብ ይዞ መዝገቡን ይቆጥር ጀመር።

በ1915 የሆነውን እንመልከት። ጉገንሃይም የተባለ የማዕድን ኩባንያ ፈርሶ በእጁ ያሉትን የሌሎች ኩባንያዎች አክሲዮኖች ለባለቤቶቹ ሊያከፋፍል ነበር። ግራሃም ደመረ። የኩባንያው አንድ አክሲዮን በገበያ ላይ 68.88 ዶላር ይሸጣል፤ በውስጡ ያሉት አክሲዮኖች ግን ለየብቻ ሲሸጡ 76.23 ዶላር ያወጣሉ። ታዲያ አንዱን ገዝቶ ሌሎቹን በዚያው ቀን መሸጥ ልዩነቱን ማትረፍ ነው። ይህ ጥንቆላ አይደለም፤ መደመርና መቀነስ ነው። ሁሉም ሊያደርገው ይችል ነበር፤ ቁጭ ብሎ የደመረው ግን እሱ ነው።

ሌላው በ1926 የሆነው ነው። ኖርዘርን ፓይፕ ላይን የሚባል የነዳጅ ቧንቧ ኩባንያ ነበር። ለሕዝብ የሚያወጣው የሒሳብ መግለጫ አጭርና ድፍን ያለ ነው። ግራሃም ግን ኩባንያዎቹ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ዝርዝር መግለጫ እንደሚያስገቡ ስለደረሰበት፣ ባቡር ተሳፍሮ ዋሽንግተን ሄደና መዝገቡን አስወጥቶ አነበበ። ለካስ አክሲዮኑ በ65 ዶላር የሚሸጠው ኩባንያ ለአንድ አክሲዮን 95 ዶላር የሚደርስ የባቡር ሐዲድ ቦንድና የመሳሰለ ጥሩ ሀብት ይዞ ተቀምጧል! ግራሃም አክሲዮኑን ገዛና ለሥራው የማያስፈልገው ገንዘብ ለባለቤቶቹ ይከፋፈል ብሎ ጠየቀ። ሥራ አስኪያጆቹ አልሰሙትም። በ1927 ስብሰባ ላይ አሳቡን የሚደግፍለት ሰው እንኳ አጣ። በሚቀጥለው ዓመት የሌሎችን ባለአክሲዮኖች ውክልና ሰብስቦ ተመለሰ፤ ከአምስቱ የቦርድ መቀመጫዎች ሁለቱን አሸነፈ። ኩባንያውም በመጨረሻ በአክሲዮን 70 ዶላር አከፋፈለ።

እንግዲህ ጠለቅ ብለን ካየነው ይህ ሥራ ምን ይመስላል? ነጋዴ የሚሠራው ነው ወይስ ተመራማሪ? ማንም ያላነበበውን መዝገብ ፈልጎ ማንበብ የተመራማሪ ሥራ ነው። በዚያ መዝገብ ተመርኩዞ ገንዘብን በጊዜው መወሰን ደግሞ የነጋዴ ሥራ ነው። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ተገናኝተዋል።

ዳሩ ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ እሱም ከመከራ አላመለጠም። በ1929 መጀመሪያ ላይ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ያህል የሰዎች ገንዘብ ያስተዳድር ነበር። በዚያው ዓመት መጸው የኒውዮርክ ገበያ ወደቀ። የገበያው ዋጋ የሚለካበት የዳው ጆንስ ቁጥር በሴፕቴምበር 1929 ከደረሰበት 381 በጁላይ 1932 ወደ 41 አሽቆለቆለ። ግራሃም የሚያስተዳድረው ገንዘብ በ1932 መጨረሻ ከመቶ 70 እጁን ያህል አጥቶ ነበር። እሱና ባልደረባው ጄሮም ኒውማን የጠፋው እስኪመለስ ድረስ ከትርፍ የሚገባቸውን ድርሻ ሳያገኙ ሠሩ። ቀስ በቀስም የጠፋው ተመለሰ።

የማታው ክፍልና የማስታወሻ ደብተሩ

ከውድቀቱ አንድ ዓመት አስቀድሞ፣ በ1928፣ ግራሃም የያዘው አሳብ መጽሐፍ ሊሆን ይገባዋል ብሎ አሰበ። ነገር ግን መጽሐፍ ከመጻፍ በፊት አሳቡን በተማሪ ፊት መፈተን ፈለገ። ስለዚህ ወደ ቀድሞ ትምህርት ቤቱ ወደ ኮሎምቢያ ሄዶ የማታ ትምህርት መስጠት ጀመረ። ከ14 ዓመት በፊት ያለፈው በር በሌላ በኩል ተከፈተለት ማለት ነው። ክፍሉም ወዲያው ሞላ። ስለ ገበያ በገበያ ከሚውል ሰው አንደበት መስማት ማን ይጠላል?

አስተማሪነቱ ለእኛ ለዕጩ መምህራን ትልቅ ምሳሌ ነው። ምሳሌ የሚወስደው ከቆየ መጽሐፍ ሳይሆን ያን ሳምንት ከሚሸጡ ኩባንያዎች ነበር። አንዳንድ ጊዜ የሁለት ኩባንያዎች ሒሳብ ጎን ለጎን አቅርቦ የትኛው ይሻላል ብሎ ያከራክርና፣ መጨረሻ ላይ ሁለቱም አንድ ኩባንያ በተለያየ ዘመን መሆኑን ይገልጥላቸዋል። ተማሪው በራሱ አፍ ከተከራከረ በኋላ የተረዳውን ነገር በቀላሉ አይረሳውም። ክፍሉንም ወደ ምርምር አሰማራው። በ1932 በእሱ መሪነት በኮሎምቢያ የተደረገ ጥናት 600 ያህል የኢንዱስትሪ ኩባንያዎችን መረመረ። ከ200 የሚበልጡት፣ ማለትም ከሦስት አንዱ ያህል፣ ዕዳቸው ሁሉ ተከፍሎ በእጃቸው ከሚቀረው ተንቀሳቃሽ ሀብት ባነሰ ዋጋ እንደሚሸጡ አሳየ። በፍርሃት ዘመን ሰው ቤቱን ከነዕቃው ከዕቃው ዋጋ ባነሰ እንደሚሸጥ ማለት ነው።

አሁን ወደ ክርክራችን ፍሬ ነገር ደርሰናል። በዚያ የማታ ክፍል ውስጥ ማስታወሻ የሚይዝ ዴቪድ ዶድ የተባለ ወጣት አስተማሪ ነበር። ዶድ የሄደው በሌላው መንገድ ነው። የማስተርስ ዲግሪውን በ1921 ከኮሎምቢያ አገኘ፣ በዚያው ማስተማር ቀጠለ፣ በ1930 ደግሞ ዶክትሬቱን ጨረሰ። የዶክትሬት ጥናቱም አክሲዮን በሚወጣበት ጊዜ ፍርድ ቤቶች የንብረትን ዋጋ እንዴት እንደገመቱ የሚመረምር ነበር። ግራሃም በቃሉ የሚያፈሰውን ዶድ በደብተሩ ሰበሰበ፣ አስተካከለ፣ ማስረጃውን አጣራ። ሁለቱ ሆነው በ1934 የዋስትና ሰነዶች ትንተና ሊባል የሚችለውን ታላቅ መጽሐፍ አሳተሙ። መጽሐፉ ገበያው በተንኮታኮተበት፣ ሰው ሁሉ አክሲዮንን እንደ ቁማር በቆጠረበት ዘመን ወጥቶ፣ አክሲዮንን በማስረጃና በሒሳብ መመርመር እንደሚቻል አስተማረ። ከዚያ ወዲህ እየታደሰ ሲታተም ኖሯል።

እንግዲህ ዶክትሬት የሌለው ነጋዴና ዶክትሬት ያለው መምህር አንድ መጽሐፍ ጻፉ። ግራሃም ብቻውን ቢሆን ምናልባት መጽሐፉ በአየር ላይ ይቀር ነበር። ዶድ ብቻውን ቢሆን ደግሞ የገበያው ሽታ አይኖረውም ነበር። ከሁለቱ ማን ይበልጣል ብሎ መጠየቅ ከበሬና ከሞፈር የትኛው ነው የሚያርሰው እንደማለት ነው።

መምህሩና ደቀ መዝሙሩ

በ1949 ግራሃም ለተራው ሰው የሚሆን ሌላ መጽሐፍ አወጣ። በዚያም መጽሐፍ ገበያውን በየቀኑ እየመጣ ዋጋ በሚጠራ ስሜታዊ የንግድ ሸሪክ መሰለው። ሸሪኩ አንድ ቀን ደስ ብሎት ከልክ በላይ ይጠራል፤ ሌላ ቀን ከፍቶት በርካሽ ይሸጣል። ብልህ ሰው የሸሪኩን ጠባይ አይከተልም፤ ዋጋው ሲመቸው ይገበያያል እንጂ። ሁለተኛው ታላቅ አሳቡ ደግሞ የጥንቃቄ ትርፍ ማስቀረት ነው። 10 ቶን የሚያልፍበት ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ 10 ብቻ እንዲችል አድርጎ አይሠራውም፤ ለስሕተት ቦታ ይተዋል። ገንዘብ የሚያወጣም ሰው እንዲሁ ግምቱ ቢሳሳት የሚተርፍበትን ልዩነት ትቶ ይግዛ ነው የሚለው። የ1907ን የእናቱን ሐዘንና የ1929ን የራሱን ቁስል ያየ ሰው ይህን ቢጽፍ ምን ይደንቃል!

ይህን መጽሐፍ ካነበቡት አንዱ ዋረን ባፌት የተባለ የኔብራስካ ወጣት ነበር። ባፌት በ1950 ሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት አመልክቶ አልተቀበለውም። ከዚያ ግራሃምና ዶድ በኮሎምቢያ እንደሚያስተምሩ አይቶ ወደዚያ ሄደ፤ በ1951 የማስተርስ ዲግሪውን ያዘ። ከ1954 እስከ 1956ም በግራሃም ድርጅት ሠራ። በኋላ ከዓለም ባለጸጎች አንዱ እንደሆነ ሁላችንም የሰማነው ነው። ለባፌት ቁም ነገሩ የትምህርት ቤቱ ስም አልነበረም፤ ማን ያስተምራል የሚለው ነበር። ይህን ለመምህርነት የምንሠለጥን ሁሉ ልብ ልንለው ይገባል።

የምርምሩ መንገድስ ፍሬ አላፈራም ወይ? አፍርቷል እንጂ። በዚያው ዘመን በቺካጎ ዩኒቨርስቲ ሃሪ ማርኮዊትዝ የተባለ የዶክትሬት ተማሪ ነበር። እሱም የግራሃምንና የዶድን መጽሐፍ ካነበቡት አንዱ ነው። ማርኮዊትዝ የጠየቀው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። አንድ አክሲዮን ርካሽ ነው ወይ ሳይሆን፣ ብዙ አክሲዮኖች አንድ ላይ ሲያዙ ጠቅላላ አደጋው በምን ያህል ይቀንሳል ብሎ በሒሳብ ቀመር መለሰው። ጽሑፉ በ1952 ታተመ፤ በ1990 የኖቤል ሽልማት አሰጠው። ይህን ጥያቄ ገበያ ላይ የሚሯሯጥ ሰው ቁጭ ብሎ ለመፍታት ጊዜ አይኖረውም ነበር።

ግራሃም በ1956 ድርጅቱን ዘግቶ ወደ ካሊፎርኒያ ሄደ፤ በዚያም በሎስ አንጀለስ ዩኒቨርስቲ ገብቶ አስተማረ። በመጨረሻው ዓመት በ1976 የሰጠው አስተያየት በጣም ያስደንቃል። ከ40 ዓመት በፊት ራሱ ያስተማረው ረጅምና ዝርዝር ትንተና በዚያን ጊዜ ያስገኝ የነበረውን ያህል ጥቅም አሁን ማስገኘቱን እንደሚጠራጠር ተናገረ። ምክንያቱም የሚመረምረው ሰው በዝቶ ርካሽ ነገር ተሰውሮ መቆየት አቅቶታል። ይህ የዩኒቨርስቲ ተመራማሪዎች በቁጥር ሲያሳዩት ከነበረው ጋር የሚቀራረብ አሳብ ነው። በራሱ ስም የታወቀውን ትምህርት ማስረጃ ሲመጣበት ለማሻሻል ያላፈረ ሰው፣ የማዕረጉ ወረቀት ባይኖረውም፣ ምሁር ነው። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 21 ቀን በፈረንሳይ አገር በ82 ዓመቱ ዐረፈ።

መሰላል ሳይሆን ሁለት መንገድ

እንግዲህ ከዚህ ሕይወት ለክርክራችን ምን እናገኛለን? በመጀመሪያ ማስተርስና ዶክትሬት የአንድ መሰላል ሁለት ደረጃዎች ናቸው የሚለው አሳብ መታረም አለበት። የንግድ ሥራ አስተዳደር ማስተርስ በአሜሪካ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት የሚፈጅ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ተማሪው ጥቂት ዓመት የሥራ ልምድ እንዲኖረው ይፈልጋሉ። ሒሳብ አያያዝ፣ ሽያጭ፣ የሠራተኛ አስተዳደር፣ ፋይናንስ፣ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ይሰጣል። ዓላማውም ሙሉ መረጃ በሌለበት፣ ጊዜ በሚያጥርበት ቦታ የሚወስን ሰው ማፍራት ነው። ወጪውን የሚሸከመው ባብዛኛው ተማሪው ራሱ ወይም አሠሪው ነው።

የፋይናንስ ዶክትሬት ግን ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ይፈጃል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የኢኮኖሚክስ፣ የሒሳብና የስታቲስቲክስ ትምህርት ናቸው። ከዚያ ጠንካራ ፈተና አለ። ቀጥሎ ተማሪው ማንም ያልመለሰውን ጥያቄ ራሱ ፈልጎ በራሱ ማስረጃ መመለስ አለበት። በብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርስቲዎች የዶክትሬት ተማሪ የትምህርት ክፍያ ይቀርለትና በረዳት መምህርነትና በምርምር ረዳትነት እየሠራ መተዳደሪያ ያገኛል። ማስተርስ ሳይኖረው ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ መግባትም ይቻላል። ሲጨርስም የሚጠብቀው ሥራ በይበልጥ ማስተማርና መመራመር ነው። ስለዚህ ባንክ ወይም ኩባንያ ለመምራት የሚያስብ ሰው ዶክትሬት ቢገባ መንገድ ስቷል፤ ጥያቄ እየበላው እንቅልፍ የሚያጣ ሰውም ማስተርስ ይዞ ቢቀር ጥሙ አይቆረጥም።

ሁለተኛ፣ የግራሃምን ፈለግ እንደወረደ መቅዳት አይቻልም። በ1928 ዶክትሬት የሌለው ሰው በኮሎምቢያ የማታ ክፍል ማስተማር ቻለ። ዛሬ በታላላቅ ዩኒቨርስቲዎች በፋይናንስ ቋሚ ፕሮፌሰር ለመሆን የሚሻ ሰው ዶክትሬት ይጠየቃል። በሩ እንደዚያ ዘመን ሰፊ አይደለም። ገበያው ውስጥ ልግባና ኋላ ወደ ማስተማር እመለሳለሁ ብሎ ማሰብ ይቻላል፤ ግን እየከበደ የሚሄድ ነገር መሆኑን አውቆ ይሁን።

ሦስተኛው ለእኛ ከሁሉም የሚከብደው ነው። ግራሃም የመረጠው በፍላጎቱ ብቻ አልነበረም፤ የእናቱ ችግር ጎትቶታል። ከእኛም መካከል ደመወዛችንን የሚጠብቁ እናቶችና ታናናሾች ያሉን ብዙ ነን። በእንዲህ ያለ ጊዜ ዶክትሬት ትልቅ ነው፣ ማስተርስ ትንሽ ነው እያሉ ሰውን ማሳፈር ግፍ ነው። ለቤተሰቡ ሲል አጭሩን መንገድ የያዘ ሰው ከዕውቀት ሸሸ አይባልም። ግራሃም በ12 ዶላር ደመወዝ ወረቀት እያመላለሰ ነው ያንን ሁሉ የተማረው። ነገር ግን ችግሩን ምክንያት አድርጎ ማንበብ ያቆመ ሰው ከግራሃም ጋር ራሱን ሊያመሳስል አይችልም።

ነገሩ ለእኛ ሩቅ እንዳይመስለን። በ2025 በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሥራ ጀምሯል። ነገ የምናስተምራቸው ልጆች የአክሲዮንን ነገር ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከአገራቸው ገበያ ይሰሙታል። ይህን የሚያንቀሳቅሱ ሥራ አስኪያጆች ያስፈልጋሉ፤ ይህን የሚመረምሩና መምህራንን የሚያስተምሩ ሊቃውንትም ያስፈልጋሉ። ሁሉም ወደ አንዱ በኩል ከተንጋጋ ሌላው ባዶ ይቀራል።

ስለዚህ ነገ አንድ ተማሪ ወደ እኛ መጥቶ የትኛው ይሻለኛል ቢለን፣ የትኛው ይበልጣል ብለን አንመልስለት። ይልቅስ ሦስት ነገር እንጠይቀው። የሚወደው ሥራ መወሰን ነው ወይስ መመርመር? አንዲት ጥያቄ ይዞ አምስት ዓመት መቀመጥ ይችላል? በእነዚያ ዓመታትስ ቤቱን ማን ይይዝለታል? ለእነዚህ በሐቅ የመለሰ ተማሪ መንገዱን ራሱ ያገኘዋል። የመረጠው ማስተርስ ከሆነ መዝገቡን እንደ ተመራማሪ ያንብብ፤ የመረጠው ዶክትሬት ከሆነ ደግሞ ከገበያው ሰው ጋር ቁጭ ብሎ ማስታወሻ መያዝን አይናቅ። ዶድ ይህን ስላልናቀ ነው የግራሃም ትምህርት ወደ ብዙ ሰው እጅ የደረሰው።